ጎማውን የያዘ መጨረሻ ይቀዳል

መንግሥት ምን እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ስድስት ተከራይ ያለበት ግቢና አንድ ቧንቧ ይበቃል። ይህን የምለው ትምህርቴን ከዐሥረኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ቀንቼ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ቀንቻለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁሓ ከተማ በምንኖርበት ግቢ ውሃ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ ያውም ደስ ካላት። ጎረቤታችን መምህር ይልማ ከጎጃም መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፖለቲካ ፍልስፍና ያስተምራል። ጀሪካኑን አሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ደግሞ እኛን ያስተምራል፦ ሰዎች ሕግ ሳያወጡ በፊት እርስ በርስ ይፈራሩ ነበር፤ መፈራራቱ ሲሰለቻቸው ተስማምተው ዳኛ አቆሙ።

«ሲስማሙ እኔ አልነበርኩም የሚልስ ሰው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝም ብሎ ከኖረበት እንደተስማማ ይቆጠራል።»

ዝምታ ሙያዬ ነውና ደነገጥኩ። ለካ እስከዛሬ ስንቱን ነገር ፈርሜያለሁ!

የግቢያችን ዳኛ እኔ ነበርኩ። ቀድሞ የውሃውን ጎማ የያዘ ሁሉ የራሱን በርሜል እየሞላ ሲያጣላን፣ «ጎማውን የያዘ መጨረሻ ይቀዳል» የሚል ሕግ አወጣን። ሕጉ ሲወጣ ሥልጣን ፈላጊው ሁሉ ጠፋ፤ ጎማው ዝም ለምትለው ለእኔ ደረሰ።

ባለፈው ልጄን ተቅማጥ ያዘው። የቆሸሸው ጨርቅ በር ላይ ተከምሯል፣ ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። እንደ ዕድል ያን ዕለት ውሃ መጣች። የሁሉንም ቀዳሁ፤ የኔ ጋ ስደርስ ጎማው ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። መምህር አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ቆይቶ አንድ ጆግ ውሃ ይዞልኝ ወጣ።

የግቢው ታላቅና ተቆጪ፣ ሁላችንም እንደ እናት ኣደይ የምንላቸው ለተብርሃን ግን ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካናቸውን እየጎተቱ መጥተው ደጄ ላይ ደነቀሩት።

«እንኪ ጓለይ፣ የኔ ልጅ! ‹ልጄ ታሟል› አይባልም? አፍሽን ማን ቆለፈው?»

«ሕጉ እኮ ኣደይ…»

«ሕጉ የልጅ ጨርቅ አጥቦ ያውቃል?» ብለው ጎማውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምይዘው!»

ማንም አልመረጣቸውም። ማንም አልተቃወማቸውምም።

በሚቀጥለው ሳምንት ውሃ ስትመጣ መጀመሪያ የኔን ሞሉ። ቀጥለው የራሳቸውን። መምህር ከሰልፉ ጫፍ ጮኸ፦

«ኣደይ፣ ይሄ እኮ አምባገነንነት ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የሕግ ሰው፣ ምን ትያለሽ?»

ዝም አልኩ። ጀሪካኔ ሞልቶ ነበር።