ሙሐሲን ቮልቴጅ ያነሣበት የካዛንቺስ ዘመቻ

ፔንትየም ራብዓዊ የኮምፒውተር ዙፋኑን ለባለ ሁለት ልቡ ለኮር ቱ ዱዎ ከለቀቀ በኋላ፣ ነገር ግን በካዛንቺስ ጓሮዎች ገና ሳይሻር፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበትና በፈረቃ በሚሄድበት በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ሞዓ ቫይረስ ዘእምነገደ ካዛንቺስ፣ ሥዩመ ማዘርቦርድ፣ የወደቀ ዊንዶውስ አንሺ፣ ሙሐሲን ወልደ ዓብዱልሀኪም ሱቁን ከፍቶ በገነነበት ዘመን ይህ ሆነ።

ግዛቱም በሥጋ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ አልጋ ቢገባባት በሯ የማይዘጋ አንዲት ሱቅ ነበረች። እኩሌታዋ የእርሱ ነው፤ በእኩሌታዋ እኅቱ ዙለይካ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብርባታለች። ደህና ኮምፒውተር ያላቸው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የሚያበላቸው እርሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ዙለይካ የእትዬ ሸዋዬን ልጅ ሠርግ ይዛ ነበር። ሠርጉ በጥር ተደርጎ፣ በሠርጉ ላይ የጨፈሩት የእትዬ ሸዋዬ አባት በመጋቢት ስላረፉ፣ ቤተሰቡ ለአርባቸው ሲሰበሰብ በሕይወት ሳሉ እንደነበሩ ሊያያቸው ወድዶ፣ እትዬ ሸዋዬ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሲዲውን ሊወስዱ ቀጥረዋል። ዙለይካ ሥራዋን ጨርሳለች፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ቁርጥራጩን ሁሉ አጋጥሞ አንድ ፊልም እስኪያደርገው መጠበቅ ነው።

ለሌላ ሰው ይህ የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ለሙሐሲን ግን የክብር ጉዳይ ሆነበት፤ አጥናፉ የተባለው ወዳጁ ከደምበል ተመልሶ፣ እዚያ ያለ አንድ ማሽን እንዲህ ያለውን ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል ብሎ አውርቶበታልና። ይህን በሰማ ጊዜ ቁርሱን ትቶ ተነሣ፤ በሱቁ ደጃፍም ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይቺን ማሽን ዛሬ አበርራታለሁ። ማለቴ፣ ፋብሪካው የወሰነላት ፍጥነት የፈሪ ነው። ፕሮሰሰሯን ከልኳ በላይ አስሮጣታለሁ፤ ከደከማት ቮልቴጅ እጨምርላታለሁ። ደምበልን ጉድ ካልሠራኋት ሙሐሲን አትበሉኝ፤ በቃ!»

አዋጁን ሰምተው የተከተሉት እነዚህ ናቸው፦ ፊታውራሪ ጦይብ፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ የእናቱን ቬንትሌተር ተሸክሞ፤ በጅሮንድ አጥናፉ፣ ካቻቢቴ በጆሮው ሰክቶ፤ ከሥጋ ቤት ቁርጣቸው እስኪቀርብ የሚጠብቁ ደንበኞች፤ ከፀጉር ቤት ፀጉሯ በቢጉዲን እንደተጠቀለለ የወጣች አንዲት ወይዘሮ፤ የመብራት ተራቸው ስላልደረሰ ሥራ ፈትተው የቆሙ የማዶ ሰፈር ልብስ ሰፊዎች፤ ደግሞም ታክሲ ያጣ አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ።

ወእምዝ ሙሐሲን ባዮስ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ እልፍኝ ገባ፤ ፍጥነቱም ኤሌክትሪኩም የሚወሰነው በዚያ ነው። ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ወጣ፤ ዙለይካም በግድ ሥራውን አስጀመረች። ጥቂት እንደሄደ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ነጭ ፊደል ወረደበት፤ ቆመ። የተሠራውም ጠፋ።

ሙሐሲን ግን ይህን ሽንፈት ብሎ አልጠራውም። «ርቧት ነው» ብሎ ተመልሶ ገባና ቮልቴጁን አነሣ። በዚያች ሰዓት የሱቋ አምፖል ከመስመሩ ድካም የተነሣ እንደ ብርቱካን ቀልታ፣ ስታብላይዘሩ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲያቃስት፣ ሰፈሩ በሙሉ ቮልቴጅ ተርቦ ሳለ፣ እርሱ በጣቱ ጫፍ የቮልትን ቅንጣት በቅንጣት ላይ ይደርብ ነበር።

ማሽኒቱም ሮጠች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እዚህ ላይ ቢያቆም ይህ ታሪክ አጭር በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ጭብጨባ የሰማ ሰው ማቆም አይሆንለትምና፣ ማንም ሳይለምነው ማሽኒቱን አጥፍቶ ደግሞ ገባ፣ ደግሞም ጨመረ። ከዚህ በኋላ ሙቀቱ በረታ፤ የማሽኒቱ ማራገቢያ ጮኸ፤ ፊታውራሪ ጦይብ ቬንትሌተሩን ደግኖ ዘመተ። የሚቃጠል ነገርም ሸተተ። ሠራዊቱ ሁሉ ወደ ፀጉር ቤት ዞሮ ተመለከተ፤ ወይዘሮይቱም ቢጉዲኗን ዳሰሰች። ሽታው ግን ከማሽኒቱ ሆድ ነበር፤ ገጹም ዳግመኛ ሰማያዊ ሆነ።

ያን ጊዜ ሙሐሲን እጁን ከማሽኒቱ አነሣ። ፊልሙ ያለበት ዲስክ ከተቃጠለ እኚያ ሽማግሌ ዳግመኛ እንደማይጨፍሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ አለው። ዙለይካም እጇን በግድግዳው ሶኬት ላይ አድርጋ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ስማኝ ሙሐሲን። ሴትዮዋ እየመጡ ነው። ይሄ ነገር ዳገት እንደሚወጣ ሚኒባስ እየጮኸ ነው። ወይ ትቀንሰዋለህ፣ ወይ ገመዱን ነቅዬ ሠራዊትህን በዱላ አስወጣዋለሁ። ሁለተኛ አልናገርም።»

እርሱም ስክሪኑን ከሕዝቡ ዐይን በትከሻው ከልሎ ገባ፤ የጨመረውን ሁሉ ቀነሰ፤ ፍጥነቱንም ፋብሪካው ከወሰነው በጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ ተወው። ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ሰዎች፣ የመጨረሻውን ቮልቴጅ አሁን ሰጠኋት!» ሲል አወጀ። ዙለይካም ሥራውን እንደገና አስጀመረች፤ ማራገቢያው ዝም አለ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ፊልሙም ከወትሮው አንድ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ያህል ቀድሞ ተፈጸመ። በሰማያዊው ገጽ የጠፋውን ጧት ጸሐፊው አልመዘገበም፤ የድል ታሪክ እንዲህ አይጻፍምና። እትዬ ሸዋዬም ታክሲ አጥተው ከስታዲየም በእግራቸው ስለመጡ እጅግ ዘገዩ፤ የተገኘችው የድል ጊዜ እርሳቸውን በመጠበቅ አለቀች።

ተቀምጠውም አባቴን ብቻ አሳዪኝ አሉ። ዙለይካ ከፈተች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ለሙሽሪት አቀብለው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ድንኳኑ ሁሉ ሲስቅ፣ እትዬ ሸዋዬ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «አባባ» አሉ። የሥጋ ቤቱ ደንበኞች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ባለ ቢጉዲኗም አለቀሰች።

ሙሐሲንም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ፣ ዐይኑ ፈጥጦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀረ። የሚያየው ግን በስክሪኑ ማዕዘን ያለችውን የማሽኒቱን የሙቀት ቁጥር ነበር። ቁጥሯ ንቅንቅ ባለማለቷ ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። እትዬ ሸዋዬም እንባውን አይተው ተነሡ፤ ግንባሩን ሳሙት፤ «አንተስ ሰው ነህ፤ እንዲህ አብሮ የሚያዝን ልጅ ይባረክ» ብለው መረቁት።

እንግዲህ ስሙ ከዑራኤል እስከ ደምበል ይነገር፤ ማራገቢያው አይቁም፤ ቮልቴጁ አይዋዥቅ፤ ቀንሶ ጨመርሁ ያለ፣ ቁጥር አይቶ ያለቀሰ፣ የማይገባውን ምርቃት አንገቱን ደፍቶ በአሜን የተቀበለ፣ እኅቱን ግን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ያላላት፣ ገናናው ሙሐሲን።