የሾላዋ ሐኪም ጋሼ ዱባለ

እግዜር ለየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ ያድላል፤ ለመርካቶ ቅቤ ተራ የደረሱት ጋሼ ዱባለ ነበሩ። ንግዳቸው ቆዳ ነው፤ ሙያቸው ግን ሳይጠየቁ መልስ መስጠት። የቆመ ሰዓት፣ የታመመ ጉበት፣ ገና ያልታጨች ልጅ ዕጣ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። «ይኼማ ግልጽ ነው» ብለው ሲጀምሩ በአካባቢው ያለው ሰው በሙሉ ድንገት ሥራ ይበዛበታል። ቅቤዋን ለድመት ትታ መነሣት የማትችለው ጠሂራ ብቻ ቁጭ ብላ ትቀራለች። ወይ አበሳ! ሱቃቸው ከጀርባዋ፣ ምላሳቸው ከጆሮዋ ሥር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ጠሂራ ከወሎ የመጣች ቅቤ ሻጭ ናት። ሱቅ የላትም፤ ያላት አንዲት ሾላ ናት። የሾላዋ ጥላ ከሌለ ቅቤው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዘይት ይሆናል።

በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ ሌላው ዛፍ የክረምቱን ውሃ ጠግቦ ሲያምርበት፣ ሾላዋ ያለ ወራቷ ቢጫ ሆነች። ቅጠሏ ከዳር ከዳሩ እያረረ ቅቤው ላይ ይረግፍ ጀመር። አጥቢያ ዳኛው መጥተው ግንዷን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፣ ሰው ላይ ከመውደቋ በፊት፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካላገገመች ትቆረጥ አሉ። ጠሂራ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

ለሊቀ ጠበብት ዱባለ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ሰኞ የሰው ዓይን ነው አሉ። ማክሰኞ የለም፣ ጣልያን ሥሯ ላይ ቤንዚን ቀብሮ ሄዷል። ረቡዕ ወደ ሲኒማ ራስ የሚያልፈው የመብራት ሽቦ ነው ጉልበቷን የሚስበው። ሐሙስ ደግሞ ዛፍም እንደ ሰው ይሸብታል ተባለ። ጠሂራ ለሁሉም «እሺ ጋሼ» አለች፤ እሺ ማለት ራሱ አድክሟታል።

ደግሞ እኮ ክፋት የለባቸውም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከዘመን መለወጫና ከመስቀል እርድ የተሰበሰበው ቆዳ በጨው ታሽቶ ሱቃቸውን ሞልቶት ነበር። ታዲያ ማታ ማታ ቆዳው የታጠበበትን ውሃ በባልዲ ይዘው ይወጡና ሾላዋ ሥር ይደፉታል፤ ስብና ደም ያለበት ውሃ ለዛፍ ፍሪዳ ነው ይላሉ። ጠሂራም ትመርቃቸዋለች። ቢጫው በባሰ ቁጥር ጋሼ ባልዲ ይጨምራሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል የሚነዱ በጎች መንገዳቸውን ትተው ሾላዋ ሥር ተደፉና አፈሩን ይልሱ ጀመር። ዱላ ቢያርፍባቸውም አልነሣ አሉ። ጠሂራ በልጅነቷ ለከብት አሞሌ ስታስልስ ነው ያደገችው። ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ጨው ነው።

ሰው መሐል ብታወጣው ማን ይከለክላታል? አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበራት። ግን ሱቃቸው ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የሚገድላት የቆዳው ውሃ ነው፤ ጨው ነው» አለቻቸው።

ጋሼ ዱባለ ባልዲውን አዩት።

«እኔ ነኛ» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ በታመመ ጉልበታቸው ከቦኖ ንጹሕ ውሃ መቅዳት ያዙ፤ ጨዉ እስኪታጠብ በቀን ሃያ ባልዲ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ዳኛው ከቅርንጫፏ ጫፍ ለምለም ቅጠል ብቅ ማለቱን አዩና ትቆይ ብለው ሄዱ።

ጋሼ ግን ያው ዝም እንዳሉ ናቸው። የጠሂራ የአሥራ አንድ ዓመት ዱዓ ሰመረ፤ አልሐምዱሊላህ ማለት ግን አቃታት። ሾላዋ ተርፋ ሰውየው እንዲህ መሆናቸው አንጀቷን በላው።

አንድ ጠዋት ከደሴ፣ ከገዛ እኅቷ ቤት ከመጣው ቅቤ ትንሽ ቆረሰችና በኮባ ይዛ ደጃፋቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ የየት አገር ቅቤ ናት?»

ጋሼ ዱባለ አሸተቱ፤ በጣታቸው አሹ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የጅማ ናት» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አለች ጠሂራ፣ በርጩማዋን ወደሳቸው እየሳበች። «እንዴት አወቁ?»