ከሰዓት በኋላ የሚያጥር ዘበኛ

[የመሥሪያ ቤት ክሊኒክ፤ ከሰዓት በኋላ። ዘበኛው ጫማውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሜትር ሥር ቆሟል። ሜትሩ ላይ ከተሰመረው ቀይ መስመር ያጠረ ዘበኛ ይሰናበት የሚል ትእዛዝ ወጥቷል።]

ዶክተር፦ አንድ ጣት ጎድለሃል አልኩህ። አለቀ።

ዘበኛ፦ ጣቴንማ ይቁጠሩት፣ ሙሉ ነው።

ዶክተር፦ ቁመትህ ነው የጎደለው፤ አቋምህም ትክክል አይደለም።

ዘበኛ፦ አቋምማ ኖሮኝ አያውቅም። የመጣውን አለቃ ሁሉ እደግፋለሁ።

ዶክተር፦ አቋቋምህን ነው የምልህ፣ አንተ ሰውዬ። ቀና በል።

ዘበኛ፦ ቀና ሆኜማ ነው ለዚህ የበቃሁት።

[ዶክተሩ አገጩን ይዞ ያስተካክለዋል፤ ጸጉሩን በማስመሪያ ይደፈጥጣል። ያው ነው።]

ዘበኛ፦ ስቀጠር በማለዳ ተለክቼ አልፌ ነበር። ቁመቴን ማን ወሰደው?

ዶክተር፦ [ደስ ብሎት] አየህ፣ አለማወቅ! ሰው ሌሊት ሲተኛ ይረዝማል። ቀን ሲቆም፣ ሲሸከም፣ አከርካሪው መሐል ያለው ልስልስ ነገር ይጨመቅና ያጥራል።

ዘበኛ፦ የአለቆችን ሻንጣ የምሸከም እኔ፣ አጠርክ ተብዬ የምባረርም እኔ።

ዶክተር፦ ሁሉም ያጥራል።

ዘበኛ፦ ሥራ አስኪያጁም?

ዶክተር፦ መቀመጥም ይጨምቃል።

ዘበኛ፦ እሳቸውን ታዲያ ማን ለካቸው?

ዶክተር፦ [እንዳልሰማ] ትልቁ የስህተት ምንጭ እንግዲህ ሰዓቱ ነው። ሰው መለካት ያለበት በጠዋት ነው። ይህን ያላወቀ ሐኪም ሐኪም አይባልም።

ዘበኛ፦ ታዲያ በጠዋት ለምን አይለኩኝም?

ዶክተር፦ ጠዋትማ ሥራ ይበዛብኛል።

ዘበኛ፦ እዚህ?

ዶክተር፦ እ... እዚያ፣ የራሴ ክሊኒክ።

ዘበኛ፦ እንደሱ ከሆነ ለአስተዳደር ላመልክት። «ቁመት በጠዋት ይለካ ብለዋል፣ በጠዋት ግን ዶክተሩ የሉም» ብዬ።

[ዶክተሩ ተነሥቶ በሩን ይዘጋል።]

ዶክተር፦ ተው እንጂ፣ ወንድሜ። ማንም ቢጠይቅህ «በጠዋት ነው የሚገባው» ትላለህ። በር ላይ ያለኸው አንተ ነህ፤ ቃልህን ያምናሉ።

ዘበኛ፦ እኔ ምን አይቼ፣ ዶክተር? አጭር ነኝ እኮ። መኪናዎ ሲመጣ ከአጥሩ በላይ አይታየኝም።

[ዶክተሩ ትክ ብሎ ያየዋል። ወረቀቱን ይስባል፣ ይሰርዛል፣ ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል።]

ዶክተር፦ ከመስመሩ ሁለት ጣት አልፈሃል። አሁንስ ታየሁህ?

ዘበኛ፦ [ጫማውን እያጠለቀ] አሁንማ ምን ይጠየቃል? ገና ጎህ ሲቀድ ሲገቡ ነው ያየሁዎት።