አያስፈልግም የተባለ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ

ዛሬ ሰው ተሰብስቦ ስለ ቪዛ ሲያወራ እሰማለሁ። ኤምባሲው ከለከለኝ፣ ቃለ መጠይቁ ከበደኝ፣ የባንክ ደብተርህን አምጣ አሉኝ ይላል። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ «እናንተማ ታድላችኋል» እላለሁ በሆዴ። እናንተን የሚከለክላችሁ የምትሄዱበት አገር ነው። አያውቃችሁም፣ አታውቁትም፣ ቢከለክላችሁም ብዙ አያስቀይምም። እኛን የሚከለክለን ግን የምንወጣበት አገር ነበር፤ ያውም በፍቅር። በፍቅር የተከለከለ ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚልበት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ለመውጫ ቪዛው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለድጋፍ ደብዳቤው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ለቃለ ጉባኤው ደግሞ ስብሰባ፣ ለስብሰባው ከእርሻው ተነስቶ የሚመጣ ሰው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት የሰማ አንድ ባለሥልጣን፣ ሰውንም በወረቀት መያዝ ይቻላል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። አልተሳሳተም።

እኔ በዚያን ጊዜ ሐይቅ ዳር ያለው የአምራቾች ማኅበር የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበርኩ። ኮምቦልቻ ወርጄ ሦስት ወር ተምሬ የመጣሁ ባለሙያ ነኝ። ፓምፑ ውሃውን ከሐይቁ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣል፤ በወር አንድ ሁለቴ ደግሞ ያለ ምክንያት ዝም ይላል። ያኔ ሙሄ ይጠራ ይባላል። እኔም የመፍቻ ቁልፎች ሳጥኔን ይዤ እመጣና፣ ዙሪያውን በጆንያ ጋርጄ፣ «ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ማንም እንዳይጠጋ» እላለሁ። ሙያ በልብ ነው። አትታዘቡኝ፤ ሐኪሙስ ቢሆን የመድኃኒቱን ስም እናንተ እንዳታነቡት አድርጎ የሚጽፈው ለምን ይመስላችኋል?

አንድ ቀን የመን፣ ኤደን ከተማ ከሚነግደው የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ መጣ። አንድ እርሻ ለስድስት ወር በኮንትራት ፓምፕ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል፤ ስምህን ሰጥቻቸዋለሁ፣ በሁለት ወር ውስጥ ካልደረስክ ለሌላ ይሰጡታል ይላል። ከደብዳቤው ጋር የታተመ ወረቀት ነበረበት። በወረቀቱ ላይ ስሜ፣ ከስሜ ቀጥሎ ደግሞ «ኤክስፐርት» የሚል ቃል። በክፍያው ውጫሌ ላይ የራሴን ጋራዥ ከብየዳ ማሽን ጋር እከፍታለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የልቤ ጋራዡ አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ ያለ፣ አይቶኝ የማያውቅ ሰው ባለሙያ ብሎ ጠራኝ። ያንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ በመታጠፊያው ልቀድደው ደረስኩ።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ይመር ደግ ሰው ነው። አመልክቼ ሳልጨርስ ስብሰባ ጠራልኝ። ሰዉም እኔን ለመርዳት ነቅሎ መጣ፤ እንዲያው የማይናገረው ሁሉ ተናገረ። ሙሄ የማኅበሩ ዓይን ነው ተባለ። ሙሄ እጁን ካላሳረፈበት ፓምፑ ብረት ነው ተባለ። ከፓምፑ አጠገብ የምታርሰው ዘይነባ እንኳ፣ ቁጥብ ሴት ናት፣ ተነስታ «ሙሄ ታልመጣ አይነሳም፤ ይኼ እውነት ነው» ብላ ተቀመጠች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጓድ ይመርም እንባውን ጠርጎ ወደ ቃለ ጉባኤው ዞረና፣ «እንዲህ ያለ ሰው ተለቆ ሽንኩርታችን ምን ሊሆን ነው? በአንድ ድምፅ እንዳይሄድ ተወስኗል» ብሎ ጻፈ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ከልምድ የተነሳ አጨበጨብኩ።

ሦስት ቀን አኩርፌ ተኛሁ። በአራተኛው ተነስቼ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። በምስጋና የታሰረ ሰው በወቀሳ ይፈታል ብዬ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ክፉ እንዲናገሩልኝ መለመን ጀመርኩ። ወሎ ላይ ይህን መለመን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰዉ ሰውን ፊት ለፊት ከሚወቅስ ቢራብ ይመርጣል። «ኧረ ተው ሙሄ፣ በምን አፋችን» እያሉ አስለመኑኝ። እንደምንም እሺ አሉ። ዘይነባ ብቻ አስቸገረችኝ።

«ወላሂ ውሸት አልችልም» አለች።

«ግድ የለም፣ ትንሽ ነገር ብቻ በይ።»

«ውሸት አልልም። ተተጠየቅሁ ግን ያየሁትን እናገራለሁ።»

ያየችውን ምን ልታይ ትችላለች ብዬ ተስማማሁ። ጆንያው አለ።

ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ ሁሉም ፈራ። አንዱ ጎረቤቴ «አፉ በለኝ ሙሄ» ብሎ አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀና፣ ሰላምታ እንደማሳጥር ተናገረ። የከብቱን፣ የልጁን፣ የዝናቡን ሳልጠይቅ እንደማልፍ። ሌላው ለቅሶ ቤት ቶሎ እንደምነሳ። ከዚያ አፋቸው ተፍታታ። የተበደርኩት ዶማ፣ ሠርግ ላይ የበላሁት፣ ለአማቴ የመለስኩት መልስ ሁሉ ወጣ። እኔ ያላስጠናኋቸው ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ አንዳንዱ ለዓመታት ተጠራቅሞ መውጫ ያጣ ነበር። ለካ ሰውም የመውጫ ቪዛ የሚጠብቅ ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ ኖሯል። ጓድ ይመር ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ሁሉ ጠባይ ነው። እኛ የያዝነው ጠባዩን ሳይሆን እጁን ነው» አለ። ነገሬ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ ዘይነባ ተነሳች።

«ባለፈው ሙሄ ታልመጣ አይነሳም ያልኩት ቁልፎቹ እሱ ጋር ስላሉ ነው» አለች። «እንጂማ ፓምፑ ሁለት ነገር ነው የሚያመው። ወይ ወንፊቱን የሐይቁ ሣር ይይዘዋል፣ ወይ የናፍጣው መስመር አየር ይገባበታል። ሣሩን ይነቅላል፣ አየሩን ያስተነፍሳል፤ የቀረውን ጊዜ ተጆንያው ውስጥ ተኝቶ ነው። ያንኮራፋል። እኔ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ አምስት ዓመት ሰምቸዋለሁ።»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

ጓድ ይመር አላመነም። ስብሰባውን እንዳለ ይዞ ወደ ፓምፑ ወረደ፤ ፓምፑም እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር። «ሳጥንህን ስጣት» አለኝ፣ ሰጠኋት። ዘይነባ ነጠላዋን አደግድጋ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ወንፊቱን አወጣች፣ ሣሩን እንደ አረም ነቀለችው። መልሳ ገጠመች፣ ናፍጣውን አስተነፈሰች፣ አስነሳች። ውሃው መጣ። አንድ ሰው ሶላት ሰግዶ የሚመለስበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም። ሰዉ ዱዓ አደረገላት።

ጓድ ይመር እዚያው ጉልበቱ ላይ «አመልካቹ ለማኅበሩ የማያስፈልጉ መሆናቸው በተግባር ስለተረጋገጠ እንዲሄዱ እንደግፋለን» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። እንዲህ ያለ የድጋፍ ደብዳቤ በመላው ኢትዮጵያ ለእኔ ብቻ የተጻፈ ይመስለኛል። የፈለግሁትን አገኘሁ። ግን ለመሄድ ብዬ ያዋረድኩት ራሴን ነበር፤ ያዋረደኝ ደግሞ እውነቱ። ያን ቀን ምሳዬንም እራቴንም አልበላሁም።

አዲስ አበባ ደብዳቤውን የተቀበለኝ ሰው ሁለቴ አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቪዛው ወጣ። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው ኤደን ደረስኩ። እዚያ ፓምፕ ስጠግን ጆንያ አልጋረድኩም። አንድ የመናዊ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያየኝ ነበር፤ የጠየቀኝን ሁሉ አሳየሁት። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ደብቄ እንደማልዘልቅ ስለገባኝ ነው።

ስድስት ወሩን ጨርሼ ስመለስ ሽንኩርቱ አረንጓዴ፣ ፓምፑም ድምፁ ከእኔ ጊዜ የተሻለ ነበር። ለዘይነባ አንድ ሻርፕና አዲስ የቁልፍ ስብስብ አምጥቼላት ነበር። ሻርፑን «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ቁልፎቹን ግን መሬት ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አየች።

«አስራ ሦስት ቁጥሩ የታለ?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አስራ ሁለት አለ፣ አስራ አራት አለ። ኤደን ድረስ ሄጄ፣ ስድስት ወር ኤክስፐርት ተብዬ፣ ናፍጣ የሚያስተነፍሰው ቁልፍ የሌለበትን ስብስብ ገዝቼ መጥቻለሁ።

«ለብቻው የሚሸጠው እዚያው ኤደን ነው» አልኳት።

አጠገባችን የቆመው ጓድ ይመር ደረት ኪሱ ውስጥ ብዕሩን መፈለግ ጀመረ። «ታዲያ ምን ቸገረህ» አለኝ፤ «ደብዳቤውን አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ።»