ወይዘሮ አርዲስ የሚከራይ ቤት የላቸውም

አከራይ ማለት ቤቱን ማከራየት የማይፈልግ ሰው ማለት ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስንከራተት የታዘብኩት ይህንኑ ነው። አንዱ ኪራይ በመጨመር፣ ሌላው ውሃ በመዝጋት፣ ሌላው ደግሞ "እንግዳ ታበዛለህ" እያለ በመነጫነጭ ሊያስወጣህ ይታገላል። ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ቶልፍሰን ግን ሁሉንም ያስከነዳሉ። እሳቸው መጀመሪያውኑ አያስገቡህም።

አሜሪካ ውስጥ ባለው በአይዋ ግዛት ወደዚህች ትንሽ ከተማ የመጣሁት የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ሠራተኛ ሆኜ ነው። ቧንቧ እጠግናለሁ፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ መንገድ እጠርጋለሁ። ሕጉ አጭር ነው፦ የውሃ ሠራተኛ በተቀጠረ በሠላሳ ቀን ውስጥ የከተማዋ ነዋሪ ካልሆነ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ቧንቧ ሲፈነዳ ከሌላ ከተማ እየነዳ እስኪመጣ ማን ይጠብቀዋል? በሕጉ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ፣ በከተማዋ ውስጥ "የሚከራይ ቤት" የሚል አንድም ወረቀት ተለጥፎ አለማየቴ ነው። በኦማሃ ከተማ የነበረኝን ሥራ ለቅቄ ስለመጣሁ መመለሻም የለኝም። አውራ ጎዳናው ዳር ባለች ሞቴል ሻንጣዬን ሳልፈታ ተቀምጬ፣ ከዚህች ከተማ ማንም አያስወጣኝም ብዬ ማልኩ።

የጠየቅኩት ሁሉ አንድ ስም ይጠራል። ፀጉር አስተካካዩ ኦርቪል፣ "አርዲስን አናግራት፣ ግን እንዳትጠይቃት" አለኝ።

"ሳልጠይቃት ምን ብዬ ነው የማናግራት?"

"ስለ አየሩ አውራ።"

ወይዘሮ አርዲስ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ወገባቸው ግን ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ነጫጭ ቤቶች አሏቸው። በአንዱ ይኖራሉ፤ ሌላው እህታቸው ቬርና ከሞቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል። እሳቸው ግን ሳሩን ያሳጭዳሉ፣ መስኮቱንም በየሳምንቱ ይወለውላሉ። ስለ ንፋሱና ስለ ደመናው ሩብ ሰዓት ካወራሁላቸው በኋላ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

"ለመሆኑ ያ ባዶ ቤት ይከራያል?"

"ባዶ አይደለም" አሉ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፤ "ሰው የለበትም እንጂ።"

የክብርት ወይዘሮ ንግግር አስተርጓሚ ይፈልጋል። "ምንም አይልም" ካሉ፣ በጣም ወደውታል ማለት ነው። "ለየት ይላል" ካሉ ግን አለቀለት። የአዲሱን ፓስተር ስብከት "ለየት ይላል" ብለው፣ ሰውዬው ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ አጥቢያ ተዛወረ ይባላል። ስለ እኔስ ምን ይሉ ይሆን የሚል ሥጋት ነበረኝ፤ ያን ዕለት ማዕድ ቤታቸው አስገብተው የፖም ኬክ ጋበዙኝ።

"ትንሽ ትቀምሳለህ?"

"ደስ ይለኛል!" ብዬ ብድግ አድርጌ በላሁ። ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ቀርታ ነበር፤ እሷንም ደገምኳት።

በማግስቱ ኦርቪል ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ፣ "ሌይል፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ በላህ አሉ" አለኝ።

"አዎ፣ ምነው?"

"ያውም ገና በመጀመሪያው ግብዣ አሉ።"

"ርቦኝ ነበራ!"

"አንተ ሰው፣ እዚህ ያደግን ሰዎች እኮ ስንጋበዝ መጀመሪያ 'አይ፣ ተይው' እንላለን። ሁለተኛ 'እንዳላስቸግርሽ' እንላለን። ሦስተኛ ስትለን ነው የምንበላው። የመጨረሻዋን ቁራሽ ደግሞ ማንም አይጨርሳትም። ግማሿን ትቆርጣለህ፣ የሚቀጥለው ሰው የግማሿን ግማሽ ይቆርጣል። እንዲህ እንዲህ እያለች እዚያው ትደርቃለች።"

ተማርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ ማለትን ተለማመድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ድንቹን ሁለት ጊዜ እምቢ ስል አሮጊቶቹ በአድናቆት ተያዩ። የወይዘሮ አርዲስን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሠርቼ ምሳ ሲሉኝ፣ ሆዴ እየጮኸ በጨዋ ደንብ አንገራገርኩ። ሰው ሆንኩ አልኩ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ።

"ሌይል፣ ያንን ቤት ገባ ብለህ ብታየውስ?"

ልቤ ዘለለ። ግን የተማርኩ ሰው ነኝ! "አይ፣ ይተዉት ወይዘሮ አርዲስ" አልኩ።

ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ። "ቁልፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።"

"እንዳላስቸግርዎ" አልኩና ሦስተኛውን በጉጉት ጠበቅኩ።

"እንግዲያውስ ደህና" ብለው ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸውም ለካ ስለ እኔ አጥንተዋል። ይህ ሰውዬ የፈለገውን በመጀመሪያው ግብዣ ብድግ የሚያደርግ ስለሆነ እምቢታውም የምር ነው፣ ደጋግሞ ማስጨነቅ ነውር ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ ለእሳቸው ስል የእሳቸውን ወግ ስማር፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ የእኔን ተምረው ቤቱ በመካከላችን ወደቀ።

"አይዞህ" አለኝ ኦርቪል፤ "በረዶው ሲቀልጥ እንደገና ትጠይቅሃለች።"

በረዶው ሲቀልጥ! በረዶው ገና አልጣለም። የቀረኝ አራት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን አጥሩ ጋ ስመላለስ፣ ሲያዩኝ ስለ አየሩ ብቻ አውርተው ይገባሉ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ በራቸውን ደበደብኩ። ሲከፍቱ ስለ ደመናም ስለ ንፋስም ቃል አልተነፈስኩም።

"ወይዘሮ አርዲስ፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ።"

በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ክብርት ወይዘሮ የበሩን መቃን ያዝ አደረጉ።

"ለየት ይላል" አሉ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ዞሬ ልሄድ ስል፣ "ቆይ እስቲ፣ ያኔ ለምን እምቢ አልከኝ?" አሉኝ።

"ጨዋ ልሁን ብዬ ነው።"

"ጨዋ መች ጠፋ በዚህ ከተማ! ሰው እንዳላስቸግር እያለ ደጄን አልፎ የሚሄድ ጨዋ ሞልቶኛል። እኔ ያጣሁት በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። ግባ።"

ገባሁ። "ውል እንፈራረም?" ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉና የማዕድ ቤታቸው መስኮት ጋ ወሰዱኝ። ከፊት ለፊቱ የቬርና ማዕድ ቤት መስኮት ይታያል።

"ውሉ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ይህን መጋረጃ እገልጣለሁ። ካልገለጥኩ መጥተህ አንኳኳ። ካልከፈትኩ ሰብረህ ግባ።"

"ሰብሬ?"

"እንዲያው ለአባባሉ ነው። በሩ አይቆለፍም።" መጋረጃውን በጣታቸው ዳሰሱ። "ከቬርና ጋር አርባ ዓመት እንዲህ ነበር የምንተያየው። የእሷ መጋረጃ ያልተገለጠ ዕለት የሄድኩት እኔ ነኝ።"

እንደሚሆነው ሆኖ፣ በሠላሳኛው ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አድራሻዬን አስመዘገብኩ። አሁን እዚህ ቤት ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ያጨድኩትን ሳር፣ የቀባሁትን አጥር፣ ያሳደግኩትን ጢም ሁሉ ወይዘሮ አርዲስ ነቅፈዋል። መጋረጃው ግን አንድም ቀን ሰዓቱን አሳልፎ አያውቅም ነበር፣ እስከ ባለፈው ጥር ድረስ።

አስራ ሁለት ተኩል ሆነ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ቦት ጫማዬን ፈለግኩ፣ አንዱን አገኘሁ፣ አንዱን አጣሁ። ትቼው በካልሲ በረዶውን እየሰነጠቅኩ ሮጬ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ከፈቱ። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ሹራባቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፣ በእጃቸው ሰዓት ይዘዋል።

"ስምንት ደቂቃ" አሉ።

"ምን?"

"ስምንት ደቂቃ ፈጀብህ። ቬርና በአራት ትደርስ ነበር።"

ጮህኩባቸው። በሰባት ዓመት ያልወጣኝ ቃል ሁሉ ወጣ። ስጨርስ እንባዬ እየወረደ መሆኑን አየሁ፤ እኚህን ሴትዮ እንደ እናቴ እንደምወዳቸው ያወቅኩት በረዶ ላይ በካልሲ ቆሜ ነው። እሳቸው ጎትተው አስገቡኝና እግሬን በፎጣ ጠቀለሉልኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቦት ጫማዬ በሩ ሥር ነው የሚያድረው። አሁን ሦስት ደቂቃ ተኩል ይበቃኛል።