ሽንት ቤታችንን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች

ሰው ደጁ ድረስ የመጣለትን ነገር ለምን ይመልሳል? የሌላው ቢቀር፣ እኔ ለምን መለስኩ? መልሱን እስካሁን አላውቀውም። የማውቀው፣ ባለፈው ሳምንት በሕልሜ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ቤታችን ድረስ እንደመጣና እኔም በጨዋ ደንብ እንዳሰናበትኩት ነው።

ከሕልሙ በፊት የእውኑን ላስቀድም፤ አጭር ነው። አባቴን ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራትቶት የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ሽንት ቤታችን ጓሮ ጥግ ላይ ነው። ከአልጋው አርባ እርምጃ ይሆናል፤ ለእሱ ግን ሁለት ሰው ደግፎት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ፖፖ ስናቀርብለት "እኔ ሕፃን ልጅ ነኝ?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ስለዚህ ከመኝታ ክፍሉ ጋር የተያያዘ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ሽንት ቤት ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ጠየቅን። ከጠየቅን አራት ወር ሆነን። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሃንጋሪ ተቀምጬ የውኃና የፍሳሽ ምህንድስና ተምሬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ንድፉን ራሴ ሠራሁት። እሱም አልተወደደልኝም። "በጣም ንጹሕ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ይመስላል" ተባልኩ።

ወደ አገሬ መመለሴ ልክ ይሁን ስሕተት በየሳምንቱ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ስሕተት ነው። ማክሰኞ የባለጉዳይ ቀን ነው።

እንግዲህ ሕልሙ።

ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ተሰልፏል። የተሰለፉት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከረባት አሥረው፣ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ፀሐዩ እያቃጠላቸው ቆመዋል። ከፊት የቆመችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ነበረች። በእውኑ ዓለም ከመስኮቷ ጀርባ ቆሎ እየቆረጠመች ቀና ብላ የማታየኝ ናት። አሁን ሁለት እጇን አጣምራ እጅ ነሳችኝ።

"እመቤቴ፣ ገና ሳይነጋ ነው የመጣሁት።"

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ላገለግልዎት።"

"መታወቂያ ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

"ፎቶ ኮፒውንስ?"

ፊቷ ጠቆረ። "ኮፒ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ዛሬ ግን መብራት የለም" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ጣፈጠኝ።

ከእሷ ቀጥሎ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ቆሞ ነበር። በስብሰባ ላይ ብቻ የሚታይ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። "እርስዎስ?" አልኩት።

"እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም። ለአንድ ድንጋይ ወረፋ ይዤለት ነው" አለኝ በትሕትና።

"ድንጋዩ የት ሄዶ?"

"ሻይ ሊጠጣ።"

ድንጋዩ ወዲያው መጣ። አፉን እየጠረገ ቦታውን ያዘ፤ ኃላፊው አመስግኖ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ከዚያ ጓሮ ሆንን። እንዴት እንደሄድን አላስታውስም። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ መጥቶ የጎመኑ መደብ ላይ ቆሟል፤ ባንዲራውን በእጁ ይዟል። የመጣበት ጉዳይ እንደማንኛውም ሕንፃ መቆም እንዲፈቀድለት ነበር። ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሙያ ለፋሲካ የገዛነው በግ ነበር። መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሜትሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ከአጥራችን እስከ ሕንፃው ግድግዳ ያለውን ርቀት ለካ።

"አንድ ከአርባ" አለ በጉ።

"ደንቡስ ስንት ይላል?"

"ደንቡ የሚለው በጎች እንደልባቸው ዞረው እንዲግጡ ነው።" ከዚያ የሕንፃውን ንድፍ ተቀበለና ዳር ዳሩን በጥሞና አኘከው። ዐይኑን ጨፍኖ ዋጠ። "ጨው ያንሰዋል።"

ወደ ሕንፃው ዞሬ "ባለሙያው ጨው ያንሰዋል ብሏል" አልኩት። "አስተካክለህ ማክሰኞ ተመለስ።" ሕንፃው መስኮቶቹን ወደ መሬት ሰበር አደረገ። አሳዘነኝ፤ ግን ንድፉ ከተበላ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል?

በጉ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "ያቺን የፋሲካዋን ነገር አስበሽባታል?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በሂደት ላይ ናት" አልኩት።

ይህን ጊዜ አባቴ ከመኝታ ክፍሉ ተጣራ። "ብሌኔ፣ አለቀልሽ?"

በዚያ ሕልም ውስጥ ያልተገለበጠ ነገር አልነበረም። ድመቷ ለአይጦቹ ቁርስ ታቀርባለች። ዝናቡ ከጎመኑ መደብ ተነሥቶ ወደ ደመናው ይወጣል። የአባቴ ዳሌ ብቻ እንደተሰበረ ነበር። "ትንሽ ታገሥ አባባ፣ ዛሬ ያልቃል" አልኩት።

"እኔ እታገሣለሁ። ሽንቴ ነው የማይታገሠው።"

ወደ ደጅ ስመለስ ሰልፉ ቦታ ለቆ ለአራት ሽማግሌዎች መንገድ ከፍቷል። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በራችን ላይ በመደዳ ቆሙ። የፊተኛውን ወዲያው አወቅሁት፤ አቶ ልሳኑ ነው፣ አራት ወር ሙሉ "ነገ" ሲለኝ የከረመው የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ። በሕልሜ ጢም አብቅሏል።

"ጤና ይስጥልን፣ ቤቶች" አለ።

"አብሮ ይስጥልን። ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም። የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ መቀመጥ አናውቅበትም።"

እትዬ አሰለፈች አጠገቤ ነበረች። ጎረቤታችን ናት፤ ጠዋት ጠዋት አባቴን በቀኝ በኩል የምትደግፍልኝ እሷ ናት። ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። "ጉዳያችሁ ምንድን ነው?"

"ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው።"

እትዬ አሰለፈች ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይቺን ከሆነ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ዛሬውኑ ውሰዷት።"

"ኧረ እሷን አይደለም" አለ አቶ ልሳኑ እየተሽኮረመመ። "ሽንት ቤቷን ነው።"

ያን ጊዜ ሙሽራው ከጋቢው ጀርባ ብቅ አለ። የግንባታ ፈቃዱ ነበር። ነጭ፣ ቀጭን፣ አንገቱን የሰበረ ወረቀት፤ ግንባሩ ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አለው። አራት ወር ሙሉ ስለ እሱ ስሰማ መኖሩን ተጠራጥሬ ነበር። ለካስ አለ። ደግሞ መልከ መልካም ነው። ልቤ ደነገጠ።

"ዘሩ ይቆጠር" አለች እትዬ አሰለፈች። "ኋላ ዘመዳሞች ሆነው እንዳይገኙ።"

አቶ ልሳኑ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይህ ፈቃድ የማመልከቻ ልጅ ነው። ማመልከቻ የቅጽ ልጅ ነው። ቅጽ የመመሪያ ልጅ፣ መመሪያ የስብሰባ ልጅ ነው። ስብሰባ ደግሞ የውሎ አበል ልጅ ነው።"

"ከዚያስ? ሰባት ቤት አልደረስክም።"

"ከአበል ወዲያ የሚቆጥር ሰው በሕይወት የለም።"

"ጠባዩስ?"

"አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ቀኑም አያልፍበትም።"

"ብሌኔ" አለ አባቴ ከውስጥ፣ "እሺ በያቸው።"

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። እትዬ አሰለፈች ግን ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችው። "ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሽማግሌ እሺ ይባላል? ልጃቸው ቆማ ቀርታባቸው ነበር እንዲሉን ነው?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከሃንጋሪ በተመለስኩ በወሩ የአጎቴን ልጅ ሊያጩ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። አጎቴ እንደ ደንቡ "እንመካከርበትና እናሳውቃችኋለን" ሲል እኔ ሻይ እያቀረብኩ "ልጅቷ እኮ ከወደደችው ቆየች፤ ምን ያመላልሳችኋል?" አልኩ። አጎቴ እስከ ጥምቀት ድረስ ሰላም አላለኝም። ዘመዱ ሁሉ "ይቺማ ፈረንጅ ሆና ነው የመጣችው" አለ። እነሆ ሕልሜ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ሰልፈኛው ሁሉ ያየኛል፤ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ወገቤን ቀና አድርጌ፣ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ አጎቴ እንዳለው አልኩ፦

"ክብረት ይስጥልን። እኛም ዘመድ አለን፤ እንመካከርበታለን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

እትዬ አሰለፈች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ኮራሁ። ለሁለት ሰከንድ ያህል የዚህ አገር ሰው ሆንኩ።

"ገባን" አለ አቶ ልሳኑ። "እንቢ ብላችኋል።"

"እንቢ አላልንም።"

"ግልጽ ነው። ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን።" ከዘራውን ብብቱ ሥር አድርጎ እንደ ባዕድ እጄን ጨበጠኝ። አራቱም በተራ ጨበጡኝ። ፈቃዱ አለቀሰ፤ ማኅተሙ እንደ ኩል በግንባሩ ላይ ወረደ።

"ቆዩ እንጂ" አልኩ። "ደንብ ነው እኮ። ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት።"

አቶ ልሳኑ በኀዘን አየኝ። "እኛ መሥሪያ ቤት ማመላለስ የሚባል ነገር የለም፣ እኅቴ። ሰው ይጉላላል።"

ሄዱ። ሰልፉም ተበተነ፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ፋይሏን ዘቅዝቃ ወደ አስፋልቱ ወረደች፣ ድንጋዩ ተከተላት። ሕንፃው ደረጃዎቹን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ ከጎመኑ መደብ ወጣና በአጥሩ ላይ ተራመደ። በጉ ሜትሩን ጠቅልሎ አብሯቸው ሄደ። ስለ ፋሲካው ያለኝን ሐሳብ የደረሰበት ይመስለኛል።

ሮጥኩ። መንገዱ እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በእጅና በእግሬ እየወጣሁ ሮጥኩ። የአቶ ልሳኑን ጋቢ ጫፍ ያዝኩ። ዞረ። እሺ ልለው ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ሕፃን ልጅም ይላታል። አፌን ስከፍት ግን የወጣው "ነገ ተመለሱ" ነው።

"ነገ ሥራ አለን" አለኝ።

እንደገና ሞከርኩ። "ኃላፊው የሉም" አለ አፌ። እንደገና ሞከርኩ። "ሲስተም የለም" አለ። እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ እሺን ልጎትታት ሞከርኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰልፈው የቆሙ ቃላት ብዙ ነበሩ፤ እሺ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ ወረፋዋን የያዘላት አልነበረም። የጋቢው ጫፍ ከጣቴ አመለጠ።

"ብሌኔ" አለ አባቴ። ድምፁ አሁን ቅርብ ነበር። "ልጄ፣ ተይው። አልያዝኩትም።"

ነቃሁ።

በእርግጥም አልያዘውም። አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ያይ ነበር። ነግቷል፤ ጓሮው ትናንት እንደነበረው ነው። አንሶላውን ቀየርኩ። እሱም ነገሩ ቀልድ እንዲመስል ፈልጎ "ከማን ጋር ስትጨቃጨቂ አደርሽ?" አለኝ።

"ከማዘጋጃ ቤት ጋር።"

"በሕልምሽም?"

"በሕልሜ እነሱ ናቸው የመጡት።"

"ታዲያ ምን አልሻቸው?"

አንሶላውን ይዤ ወጣሁ። ስልኬን ስከፍት ከአቶ ልሳኑ መልእክት ገብቶ ነበር፤ በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያው። "ሰላም እኅታችን። ፈቃዱ አልቋል። ማመልከቻው በአባትዎ ስም ስለሆነ አባትዎ በአካል ቀርበው ይፈርሙ። አራተኛ ፎቅ፣ ቢሮ ቁጥር 41። ሊፍት አይሠራም። እስከ ዐርብ ካልቀረቡ ፋይሉ ይዘጋል።"

አንሶላው በእጄ ላይ እንዳለ በአንድ ጣቴ ጻፍኩለት። "አቶ ልሳኑ፣ እንደምን አደሩ። አባቴ አራተኛ ፎቅ መውጣት ቢችል ኖሮ ጓሮ ድረስ መሄድ አያቅተውም ነበር። እርስዎ ወረቀቱን ይዘው ብቅ ቢሉልንስ? ቤታችን ደረጃ የለውም።"

ስልኩ መልእክቱ መድረሱን ነገረኝ። ዐርብ መጥቶ አለፈ፤ ሌላ የነገረኝ ነገር የለም።