ግድግዳዬ ላይ የተቆጠረ ካራምቡላ

ለመሆኑ ሽንፈቱን በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ። ጊዜው የጃንሆይ፣ አገሩ ሆሳዕና ነው። የበኩር ልጄ ከቢሮ ሲወጣ መናኸሪያው አጠገብ ካራምቡላ ይጫወታል። ጠረጴዛ ላይ የቆሙ ትናንሽ እንጨቶችን በኳስ መጣል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እሱ ግን ቤት ሲገባ የጣለውን በአጭር መስመር፣ የሳተውን በረጅም መስመር አድርጎ በከሰል ግድግዳዬ ላይ ያሰፍራል። «እማዬ፣ ሰው የሚሻሻለው ስሕተቱን ሲያጠና ነው» ይለኛል። ምሁር መውለድ እንዲህ ያደርጋል!

አንድ ቀን ያጫት ልጅ አባት ቤታችንን ሊያዩ ከጊምቢቹ መጡ። ግድግዳውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። በእኛ አገር ሰው የሚለካው በከብቱ አይደል? ረጅሙ መስመር በሬ፣ አጭሩ ላም መስሏቸው ኖሯል።

«ይህ ሁሉ ከብት የእናንተ ነው?» አሉ።

ዝም እንዲል ልጄን በዓይኔ ብጠቅሰው ማን ሰምቶኝ!

«የለም አባባ፣ የካራምቡላ ውጤቴ ነው። ረጅሙ የሳትኩት ነው።»

«ረጅሙ በዛ እኮ!»

«አዎ፣ ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ።»

በቃ፣ ሙሽራዋ ቀረች አልኩ። ሰውዬው ግን ከት ብለው ሳቁ።

«ሽንፈቱን ከእንግዳ የማይደብቅ ሰው ልጄን አይዋሻትም። ሰጥቻለሁ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ከብቱስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱን ለመቁጠርስ ጣት ይበቃል፣ ጋሼ» አልኳቸው።